ሠላሳ አንድ ካርቶን ወረቀት ስለተቀበሉልኝ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የሕዝብ ጉዳዮች ትምህርት ቤት ዲን
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በበራሪ ወረቀታችሁ ላይ በተዘረዘሩት መንገዶች ትምህርት ቤቱን ለመደገፍ ስላደረግሁት ሙከራና ስለተገኘው ውጤት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ እርስዎ በሙሉ ጤና፣ ቤተሰብዎ በሰላም፣ የቢሮዎም ምንጣፍ በንጽሕናው እንዲቆዩልኝ ከልብ እመኛለሁ። የእኔን ጤና ለመጠየቅ ሥራ ቢበዛብዎ አልቀየምም፤ ከግራ ዓይኔ በቀር ደህና ነኝ፤ ቀኙም ቢሆን ይህን ደብዳቤ እስክጨርስ ድረስ እንዲታገሠኝ ለምኜው እሺ ብሎኛል።

አላውቅህም እንዳይሉኝ ራሴን ላስተዋውቅ። በማዘጋጃ ቤቱ የኋላ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቼ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ለሰው ማመልከቻ ስጽፍ የኖርሁ ሰው ነኝ። ንብረቴ አንድ ጠረጴዛ፣ አንዱ ለእኔ አንዱ ለባለጉዳይ የሚሆኑ ሁለት በርጩማዎች፣ እና አንዷ ፊደል ከመስመር ዝቅ ብላ የምትመታ የጽሕፈት መኪና ነበር። ከምጽፈው ሁሉ በካርቦን አንድ ቅጂ ስለማስቀር የሰፈሩ ሰው ወላጆቼ ያወጡልኝን ስም ትቶ «ጋሽ ካርቦን» ይለኛል፤ እኔም ለምጄው፣ አሁን በእውነተኛ ስሜ የሚጠራኝ ቢገኝ ሌላ ሰው የፈለገ ይመስለኛል።

ልማዴ እንዲህ ነበር። ማመልከቻው በሁለት ይጻፋል፤ ዋናው መሥሪያ ቤቱ ዘንድ ይቀራል፤ በቅጂው ግርጌ ደግሞ መዝገብ ቤቱ የተቀበለበትን ቀን ጽፎ ማህተሙን ያሳርፍበታል። ያቺ ማህተም ያረፈባት ቅጂ የባለጉዳዩ መከራከሪያ ናት፤ እሷ ከሌለች አመልክቼ ነበር ማለት ላም አለኝ በሰማይ ነው። ነገር ግን ባለጉዳዮቼ ጣራቸው የሚያፈስ፣ ሣጥናቸውን አይጥ የሚጎበኘው፣ አብዛኞቹም ማንበብ የማይችሉ ስለነበሩ «ጋሼ፣ እርስዎ ዘንድ ትቀመጥልኝ» ይሉኝ ነበር፤ እኔም አደራ ብዬ አስቀምጥላቸው ነበር። መልስ የመጣ እንደሆነ መልሱን አሳጥሬ ከነቀኑ በቅጂዋ ጀርባ ላይ እጽፋለሁ፤ መልስ ያልመጣ እንደሆነ ጀርባዋ ባዶ ይቀራል። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ሠላሳ አንድ ካርቶን ሞላ። ከተጻፈበት ጀርባ ባዶው እንደሚበዛ ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛልና አልፈዋለሁ።

ባለፈው ዓመት የግራ ዓይኔ ሲጠፋና የቤቴ ጣራ በሁለት ቦታ ማፍሰስ ሲጀምር፣ ስለ ካርቶኖቹ እንቅልፍ አጣሁ። አብራኝ የምትኖረው ታላቅ እህቴ፣ በእነዚህ ካርቶኖች ምክንያት ለሃያ ዓመት አልጋዋን ግድግዳ ላይ አስጠግታ የተኛች ሰው ናትና፣ ምክሯ አጭር ነበር፦ «ለባለ ሱቁ ስጠው፣ ስኳር ይጠቅልልበት፤ ያኔ እንኳ አንድ ነገር ይይዛል።» እኔ ግን የተማረ ሰው አለ ብዬ ናቅኋት። ዛሬ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።

በዚያው ሰሞን ነው በግቢያችሁ በር ላይ የሚታደለው፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የታተመው «ትምህርት ቤታችንን የሚደግፉባቸው ዘጠኝ መንገዶች» የተባለው በራሪ ወረቀት እጄ የገባው። ሽፋኑ ላይ አንዲት ተማሪ ዛፍ ሥር ተቀምጣ መጽሐፍ ይዛ ትስቃለች። ከሥሯ «የሕዝብን ድምፅ የሚሰማ ትውልድ እናፈራለን» ይላል። ክቡር ሆይ፣ እኔ የሕዝብ ድምፅ በካርቶን በካርቶን አስሬ ጣራ የሚያፈስበት ቤት ውስጥ ተቀምጬ ነበርና፣ ይህን ሳነብ የተጠራሁት በስሜ መሰለኝ። እንግዲህ በዘጠኙ መንገዶች ስሄድ ያገኘኋቸውን መልካም ነገሮች፣ ለአያያዝ እንዲያመችዎ በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. መንገድ አንድ አዳራሽ በስም ማሠራት፣ መንገድ ሁለት ለተማሪዎች የትምህርት ወጪ መሸፈን፣ መንገድ ሦስት በአትክልቱ ውስጥ ስም የተቀረጸበት አግዳሚ ወንበር ማስቀመጥ፣ መንገድ አራት ደግሞ በዓመታዊው የወዳጆች እራት ላይ ጠረጴዛ መያዝ ይላሉ። እነዚህን በአክብሮት ዘለልኋቸው። አቅም ማጣቴን ላለማጋለጥ ብዬ ለእህቴ «አዳራሹ ተይዟል አሉኝ» አልኋት፤ እሷም «ወንበሩስ?» አለችኝ።

2ኛ. መንገድ አምስት «ልምድዎን ለተማሪዎቻችን ያካፍሉ» ስለሚል፣ ንጹሕ ሸሚዜን ለብሼ የወዳጆች ግንኙነት ቢሮ ሄድሁ። ኃላፊዋ ወጣት፣ ትሁትና ፈገግተኛ ሴት ናት፤ ስለ እሷ አንድ ክፉ ቃል ከአፌ አይወጣም። ቤቱ የፈረሰበት ሰው ሁለት ሰዓት አልቅሶ የሚናገረውን በአንድ ገጽ እንዴት እንደምጽፈው፣ ከለቅሶው የትኛው እንደሚቀርና የትኛው እንደሚወጣ፣ ለተማሪዎቹ አንድ ቀን እንድነግራቸው ጠየቅሁ። የስንት ዲግሪ ባለቤት እንደሆንሁ ጠየቀችኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በዚያ መንፈቅ የባለጉዳዮችን ስሜት በመጠይቅ ያጠኑ ምሁር አስቀድመው ስለተጋበዙ ቦታው መሙላቱን የሚገልጽ የሚያምር ደብዳቤ ደረሰኝ። ደብዳቤው አንድም የፊደል ግድፈት አልነበረበትም፤ በሙያዬ ይህን ሳላደንቅ አላልፍም።

3ኛ. መንገድ ሰባት «በዓይነት የሚደረግ ስጦታ» ነው። አሥራ አንድ ገጽ ቅጽ ተሰጠኝ፤ «የስጦታው ዓይነት» በሚለው ሥር መሬት፣ ሕንፃ፣ ተሽከርካሪ፣ ኮምፒውተር፣ የሥነ ጥበብ ሥራ፣ የጽሕፈት መሣሪያ እና ሌላ የሚሉ ምርጫዎች አሉ። እኔ «ሌላ» በሚለው ላይ ምልክት አድርጌ «የሕዝብ አቤቱታ፣ ሠላሳ አንድ ካርቶን» ብዬ ጻፍሁ። ኃላፊዋ አዘነችልኝ። «አባባ፣ ሌላ ካሉ ኮሚቴ ያየዋል፤ ኮሚቴው ደግሞ በሁለት ወር አንዴ ነው የሚሰበሰበው። ወረቀት አይደል? የጽሕፈት መሣሪያ እንበለውና ዛሬውኑ ይለፍ» አለችኝ። እኔ በሕይወቴ ስንት ሺህ ሰው «የማታውቀው ቅጽ ላይ አትፈርም» ብዬ የመከርሁ ሰው፣ ጣራዬን እያሰብሁ፣ «እግዚአብሔር ያክብርሽ ልጄ» ብዬ መርቄያት ፈረምሁ። ፊርማው የእኔ ነው፤ ይህን አልክድም፤ ሌሊትና ቀን የሚበላኝም እሱ ነው። አደራው የሰው ነበር፤ እኔ እንደ ራሴ ዕቃ ሰጠሁት።

ረቡዕ ዕለት መኪና መጥቶ ጫናቸው። ሹፌሩ ካርቶኖቹን አክብሮ አንድ በአንድ ያወጣ ነበር። እህቴ ክፍሉን ጠርጋ፣ አልጋዋን መሃል ላይ አድርጋ፣ በሃያ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እጆቿን ዘርግታ ተኛች። እኔም በዚያ ሳምንት ከልቤ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽዎትም።

4ኛ. ከሰባት ወር በኋላ የሆስፒታሉ አንሶላ አጣቢ ቤቴ መጣች። የሃምሳ ዓመት ሴት ናት፤ እጆቿ በሳሙና ብዛት የነጡ፣ ማንበብ የማትችል፣ የሰው ነገር የማትነካ። ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት እናቷ ሲሞቱ፣ ተወልዳ ያደገችበት አንድ ክፍል ቤት ወደ ስሟ እንዲዛወርላት ማመልከቻ የጻፍሁላት እኔ ነኝ። በሦስት ወር ውስጥ ማመልከት ነበረባት፤ በሁለተኛው ወር አመለከተች፤ ማህተም አረፈበት፤ መልስ ግን አልመጣም። ዝም ብላ ኖረችበት። አሁን የቤቶች ጽሕፈት ቤት «አመልክተሽ አታውቂም፤ ሕገ ወጥ ነሽ፤ አመልክቻለሁ የምትዪ ከሆነ ማህተም ያረፈበትን ቅጂ በሃያ ቀን ውስጥ አምጪ፤ የእኛ የዚያ ዓመት መዝገብ ውሃ ገብቶበታል» ብሏታል። ይህን የሚለውን ወረቀት እጇ ላይ ይዛ ቆማ ነበር፤ ግን አልደነገጠችም። «እርስዎ ዘንድ አለ አይደል፣ ጋሼ?» አለችኝ። እኔም፣ ክቡር ሆይ፣ «ከእኔም የተሻለ ቦታ ነው ያለው፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል» ብዬ ሻይ አቀረብሁላት።

5ኛ. በማግሥቱ ግቢያችሁ መጣን። ቤተ መጻሕፍቱ እንዲህ ያለ ነገር አልተቀበልንም አለ። የወዳጆች ግንኙነት ቢሮ ስጦታ ለሰጪው እንደማይመለስ፣ ለሦስተኛ ወገን ደግሞ ጭራሽ እንደማይታይ ደንቡን አውጥቶ አነበበልኝ፤ ጥያቄ ካለኝም በማመልከቻ እንዳቀርብ መከረኝ። በሕይወቴ ለራሴ የጻፍሁት የመጀመሪያው ማመልከቻ ያ ነው። ሦስት ወረቀት አበላሸሁ፤ ለካ ለራስ ሲጽፉ እንዲህ ያለ ነገር ነው።

የካርቶኖቹን እውነተኛ ዕጣ የነገረን የማባዣ ክፍሉ ሠራተኛ ነው፤ እሱም ክፉ ሰው አይደለም፤ በዚህ ጉዳይ ውስጥ አንድ ክፉ ሰው ባገኝ ኖሮ ምንኛ በቀለለኝ! የጽሕፈት መሣሪያ ተብሎ የገባ ወረቀት ወደ እሱ ክፍል ይመጣል። ትምህርት ቤቱ ወረቀት እንዳይባክን ጥብቅ መመሪያ አለው። ስለዚህ ጀርባው የተጻፈበት ለምንም ስለማይሆን ወደ መፍጫ ሄደ፤ ጀርባው ባዶ የሆነው ደግሞ ለሁለት ለሁለት ተቆርጦ፣ ተማሪዎች በፈተና ጊዜ ሐሳባቸውን የሚሞክሩበት ወረቀት ሆነ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ መልስ ያገኙት ሁሉ ተፈጩ። መልስ ያላገኙት ተርፈው ተፈተኑ።

አንሶላ አጣቢዋ መልስ ባለማግኘቷ ወረቀቷ እንዳልተፈጨ ስነግራት «ተመስገን» አለች። የፈተና ሙከራ ወረቀት ከመልሱ ጋር ተሰብስቦ እስከ ዓመቱ መጨረሻ መቀመጥ አለበት የሚል ሌላ መመሪያ ስላላችሁ፣ ሠራተኛው ራርቶልን፣ ክፍሉ ወለል ላይ ተቀምጠን ሁለት ቀን ፈለግን። እሷ ወረቀቶቹን እያነሳች ወደ መስኮቱ ታዞርልኛለች፤ እኔ በቀኝ ዓይኔ አፍንጫዬ ላይ አስደግፌ አነባለሁ። ከመስመር ዝቅ የምትለዋን ፊደሌን በየወረቀቱ ሳይ፣ ያን ሁሉ ሰው አንድ በአንድ አስታወስሁ። በየጀርባቸውም የልጆቹን ጽሕፈት አነበብሁ። የፈተናው ርእስ የአቤቱታ አያያዝ ነበር። አንዱ ተማሪ በሚያምር እጅ ጽሑፍ «መልካም ተቋም ለቀረበለት አቤቱታ በአጭር ጊዜ መልስ ይሰጣል» ብሎ ጽፎ ሰርዞታል፤ ከሥሩ ደግሞ «መልስ መስጠት ይጠበቅበታል» ብሎ አስተካክሎታል። ይህ ልጅ ትልቅ ቦታ እንደሚደርስ ጥርጥር የለኝም።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወረቀቷን አገኘሁት። ማለቴ፣ የላይኛውን ግማሽ አገኘሁት። ስሟ አለ፤ የእናቷ ስም አለ፤ የቤት ቁጥሩ አለ። ማህተሙ የሚያርፈው ግን በግርጌው ነው። የታችኛዎቹን ግማሾችም ሰብስበን አየን፤ በዚያው ወር ማህተም ያረፈባቸው አራት አገኘሁ። ከአራቱ የትኛው የእሷ እንደሆነ ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ምክንያቱም እኔ ለሠላሳ አራት ዓመት የሁሉንም ሰው ማመልከቻ «ይህን ጥያቄዬን ተመልክታችሁ የመሰላችሁን ውሳኔ እንድትሰጡኝ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ» ብዬ ስዘጋ ኖሬያለሁ፤ ፊርማና የጣት አሻራም በዋናው ላይ እንጂ በቅጂው ላይ አያርፍም። ብጥስጥሱ የወጣ ወረቀት እንኳ ቢሆን ጠርዙን ከጠርዙ ገጥመን እንለየው ነበር፤ የእናንተ መቁረጫ ማሽን ግን ሥራውን የሚያውቅ ነው፤ ሁሉም ቀጥ ብሏል። ስም ያለው ማህተም የለውም፤ ማህተም ያለው ስም የለውም። ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። እሷ ናት ያጽናናችኝ።

አራቱንም ይዘን የቤቶች ጽሕፈት ቤት ሄድን። ጸሐፊው አንድ በአንድ ከላይኛው ግማሽ ጋር ገጠማቸው፤ አራቱም ገጠሙ። «ታዲያ የቱን ልመን?» አለን። እውነቱን ነው።

6ኛ. የቀረን አንድ ነገር ነበር። ወረቀቱ ሙሉ ሆኖ ወደ ቤታችሁ መግባቱንና እዚያው መቆረጡን የምትገልጽ አንዲት መስመር ደብዳቤ ከእናንተ ብናገኝ፣ ጸሐፊው ለአለቃው እንደሚያቀርብልን ቃል ገባልን። አንዲት መስመር ናት፤ ቃሏንም ራሴ አዘጋጅቼ አመጣሁላችሁ፤ ለእርስዎ የቀረልዎት መፈረም ብቻ ነበር። መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ፤ በፍጥነቱ እጅግ ተደንቄያለሁ፤ በሙያ ዘመኔ በሦስት ቀን የመጣ መልስ አላስታውስም። እንዲህ ይላል፦ «ትምህርት ቤቱ በጽሕፈት መሣሪያነት የተረከባቸውን ወረቀቶች ይዘት የመመርመር ኃላፊነት ስለሌለበት፣ ስለ ይዘታቸው ማረጋገጫ መስጠት አይችልም።» እኔ ብሆን ከዚህ የተሻለ አልጽፈውም ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ይህን የምጽፈው ለመክሰስ አይደለም። ማንን እከስሳለሁ? ኃላፊዋ አዝናልኝ ነው፤ የማባዣ ክፍሉ ሠራተኛ ወረቀት ቆጥቦ ነው፤ ተማሪው ፈተናውን በትጋት ሠርቶ ነው፤ እርስዎም ደንቡን አክብረው ነው። ከሁላችን ጥፋተኛ የምሆነው እኔ ነኝ፤ የእኔ ጥፋት ደግሞ ለእሷ ቤት አይሆናትም። ከሃያው ቀን የቀረው አምስት ነው። ሌላ የማውቀው በር የለኝም፤ ስለዚህ በአደባባይ እጅ ነሥቼ እለምንዎታለሁ፤ ያቺን አንዲት መስመር ይፈርሙልኝ። ውለታውን ለመመለስ በመንገድ ዘጠኝ፣ ማለትም «በኑዛዜ የሚተላለፍ ስጦታ» በሚለው፣ የጽሕፈት መኪናዬን ለትምህርት ቤቱ ለመናዘዝ ዝግጁ ነኝ። በቅጹ ላይ የጽሕፈት መሣሪያ ብትሉት በዚህኛው አልከራከርም።

ላደረጋችሁልኝ መስተንግዶ፣ ለተሰጠኝ ወንበር፣ በየቢሮው ለተባለልኝ «ነገ ይመለሱ»፣ በተለይም አቤቱታ እንዴት እንደሚያዝ በስተርጅናዬ በተግባር ስላስተማራችሁኝ፣ ምስጋናዬ ከጉልበቴ በላይ ነው። ትምህርት ቤቱ ይስፋ፤ አዳራሹ ባለ ስም ያግኝ፤ የአትክልቱም አግዳሚ ወንበሮች የሚቀመጥባቸው አይጡ እያልሁ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ጃንጥላዬን አጥፌ፣ በአንድ ዓይኔ እስከሚታየኝ ርቀት ድረስ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

የትምህርት ቤቱ ወዳጅ
በማዘጋጃ ቤቱ የኋላ አጥር ሥር ማመልከቻ ጸሐፊ የነበርሁት፣ ጋሽ ካርቦን

ግልባጭ፦
ለቤቶች ጽሕፈት ቤት
ለፈተናው ተማሪ፣ ባለበት
ለታላቅ እህቴ (እንዳነብላት ስለጠየቀችኝ)

ከፊርማ በኋላ የታከለ፦

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ የሚያትምልኝ ሳፈላልግ አምስቱ ቀን አለፉ። ሐሙስ ጠዋት የቤቶች ጽሕፈት ቤት ሰዎች መጥተው ክፍሏን አሸጉት። በጣም ጨዋ ነበሩ፤ አልጋዋን እንድታወጣ ጠብቀዋታል። አልጋው አሁን ካርቶኖቹ በነበሩበት ጥግ ልክክ ብሎ ገብቷል፤ እህቴም የራሷን ወደ ግድግዳው መልሳለች።

ትናንት ደግሞ ከቢሮዎ መስታወት ባለው ክፈፍ የተቀመጠ የምስጋና ምስክር ወረቀት በሞተር ሳይክል ተላከልኝ። «የነሐስ ደረጃ ወዳጅ» ተብያለሁ። እኔ ወለሉ ላይ ፊቱን አዙሬ ትቼው ነበር፤ አንሶላ አጣቢዋ ከሥራ ስትመለስ አነሳችው፤ በእርጥብ እጇ እንዳይበላሽ በቀሚሷ ጠረገችው፤ ማንበብ አትችልምና ጽሑፉን ትታ ከግርጌ ያለውን ትልቅ ክብ ማህተም ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ «ጋሼ፣ ይሄኛው እኮ አልተቆረጠም፤ ማህተሙም ሙሉ ነው። ይሄን ይዘን ብንሄድስ?» አለችኝ።

የትኛው ወረቀት ለየትኛው በር እንደሚሆን ለሠላሳ አራት ዓመት ለሰው ሳስረዳ የኖርሁ ሰው፣ ሰኞ እንሄዳለን አልኋት።